ከመቅደሱ ጫፍ መዝለል እምነት አይደለም



ከቆቃ ተነሥተን በሞጆ በኩል ወደ ቢሾፍቱ ስንጓዝ የአየር ኃይላችን ቤት ወደሆነችው ከተማ እንደርሳለን። ዛሬ ከዚህ አካባቢና ከአገራችን የበረራ ታሪክ ጥቂት እናነሣለን። በእምነትና በድፍረት መካከል ያለውን ልዩነት የሚያሳይ ትምህርት አለበትና።

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም ነው። ፖቴዝ 25 የተባለችው ፈረንሳይ ሠራሽ አውሮፕላን ከጅቡቲ በርራ ደረሰች። በተከታዩ ዓመት ሁበርት ጁሊያን የተባለ፣ ትሪኒዳድ ተወልዶ በኒው ዮርክ ሀርለም የታወቀ ሰው ወደ አገራችን መጣ። ቀደም ሲል ሰኔ 27 ቀን 1916 ዓ.ም አውሮፕላኑን በኢትዮጵያ ስም ሰይሞ ወደ አፍሪካ ለመብረር ብዙ ሕዝብ እያየው ተነሥቶ ነበር። ነገር ግን በደቂቃዎች ውስጥ እዚያው ኒው ዮርክ ውኃ ላይ ወደቀ፤ ነፍሱ ግን ተረፈች።

አዲስ አበባ ላይ በጃንጥላ ዘልሎ ሕዝቡን አስደነቀ፤ የኮሎኔልነት ማዕረግም ተሰጠው። ከዚያም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ለሚከበረው የንግሥና በዓል ዝግጅት ሲደረግ የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን ይዞ ተነሣ፤ ከሰከሳትም። ከአገርም እንዲወጣ ተደረገ።

የሰውዬውን ልበ ሙሉነት የሚክድ የለም። አውሮፕላን ግን ለልበ ሙሉነት አይታዘዝም። ፍጥነቱ ከሚገባው በታች ሲወርድ ክንፉ መሸከም ያቆማል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ለመነሣትም ረዘም ያለ ሜዳ ያስፈልጋል። ይህን በጭብጨባ መለወጥ አይቻልም።

በግንቦት 1927 ዓ.ም ሌላ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ጆን ሮቢንሰን መጣ። እርሱ ቺካጎ ውስጥ በቆዳው ቀለም ምክንያት የበረራ ትምህርት ቤት አልቀበልህ ሲለው፣ እዚያው ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ገብቶ ትምህርቱን በጆሮው የሰበሰበ፣ በኋላም ተፈቅዶለት የተማረ፣ ሌሎችንም ያስተማረ ሰው ነበር። ጣሊያን ሲወርረን ትንሹን አየር ኃይላችንን መራ፤ መሣሪያ በሌላቸው አውሮፕላኖች መልእክትና መድኃኒት አመላለሰ። በ1936 ዓ.ም ተመልሶ የእኛን ልጆች አሠለጠነ።

ወገኖች፣ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለስብከት የተመቸ በሆነ ነበር፤ ትዕቢተኛው ወደቀ፣ ትጉሁ ጸና እንል ነበር። ግን እንዲህ አልሆነም። ሮቢንሰን በመጋቢት 1946 ዓ.ም እዚሁ አገራችን በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ጁሊያን ግን ረጅም ዕድሜ ኖረ።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም ደግሞ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302፣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰዎች አለቁ። አብራሪዎቹ የሠለጠኑ ነበሩ። አንድ የተሳሳተ ጠቋሚ መሣሪያ፣ የቦይንግ 737 ማክስን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች የሚገፋውን ሥርዓት አስነሣው። ከዚያ አምስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን 189 ሰዎች አልቀው ነበር። የዚያን ጊዜ አብራሪዎች ስለ ሥርዓቱ በመመሪያቸው እንኳ አልተነገራቸውም።

እንግዲህ የሞቱት ከእኛ ይልቅ ኃጢአተኞች ነበሩን? ጌታችን በሉቃስ 13 ላይ የሰሊሆም ግንብ ስለገደላቸው 18 ሰዎች ሲናገር ይህን ጥያቄ ራሱ አንሥቶ በግልጽ አይደለም ብሎ መለሰ። ከዚያም የሚሰሙትን ወደ ንስሐ ጠራ። ስለዚህ በሐዘንተኛ ቤት ስንቀመጥ የሟቹን ኃጢአት አንፈልግ፤ ከሚያለቅሱት ጋር እናልቅስ።

ሆኖም አደጋ ጻድቁንም ያገኘዋል ማለት ጥንቃቄ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በማቴዎስ 4 ዲያብሎስ ጌታን በመቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ፣ መላእክት ይይዙሃልና ዝለል አለው። የጠቀሰው መዝሙር 91ን ነበር፤ ቃሉ እውነት ነው፣ አጠቃቀሙ ግን ፈተና ነበር። ጌታም አባቱን አልተፈታተነም። በዘዳግም 22 ደግሞ እግዚአብሔር ሕዝቡን አዲስ ቤት ስትሠሩ ሰው እንዳይወድቅ ለጣሪያው መከታ አብጁ ብሎ አዘዘ። መከታ መሥራት አለማመን ቢሆን ኖሮ አምላካችን ባላዘዘም ነበር።

በሞጆና በቆቃ መንገድ ከፊቱ የሚመጣውን ሳያይ ከባድ መኪና ለመቅደም የሚወጣ፣ «ጌታ ይጠብቀናል» ብሎም ተሳፋሪውን የሚያጽናና ሾፌር፣ መከታ በሌለው ጣሪያ ላይ የሰው ልጆችን አቁሟል። ገና ያልተፈተነ አዲስ አማኝን ለመድረክ የምንቸኩልም እንዲሁ ነን፤ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 3 ጳውሎስ ይህን የከለከለው በትዕቢት እንዳይወድቅ ብሎ ነው።

አብራሪ ከመነሣቱ በፊት ሺህ ጊዜ የበረረ ቢሆንም የመፈተሻ ዝርዝሩን አንድ በአንድ ያነባል። ይህ ትሕትና ነው። እኛም እጃችን ላይ ያለውን የሰው ነፍስ አክብረን የሚገባንን እናድርግ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ለአባታችን በሰላም እንተውለት። በሕይወትም በሞትም የእርሱ ነንና።

ጌታ መውጣታችንንና መግባታችንን ይባርክ። አሜን።