የተበጣጠሰ ደን፣ ያልተከፈለ ዕዳ
የቢቸናና የሞጣ ደብሮች፣ ደኖቻቸውና አዕዋፎቻቸው

የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ታሪክ ሲወሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የማዳበሪያ፣ የምርጥ ዘርና የእህል ገበያ ጉዳይ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም ከማሳችን ዳር የቆመው፣ በሂሳብ መዝገባችን ግን ገብቶ የማያውቀው የደንና የአዕዋፍ ጉዳይም የራሳችን ታሪክ ስለሆነ በዚህ የምሥረታ በዓል መጽሔት ልናነሣው ወደድን።

ደኑ እንዴት ተበጣጠሰ?

ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚጓዝ ሰው በሰፊው የጤፍና የስንዴ ማሳ መካከል እዚህም እዚያም ጥቁር አረንጓዴ ጉብታዎችን ያያል። ጠጋ ብሎ ሲመለከት እያንዳንዱ ደብር ነው። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ዋንዛ ቤተ ክርስቲያኑን ከበው ቆመዋል። በደጋና በወይና ደጋው ላይ በስፋት የነበረው ደን ቅሪት እነዚህ ናቸው።

ደኑ በአንድ ትውልድ አልጠፋም። ምሥራቅ ጎጃም እንደ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅና መርጡለ ማርያም ያሉ ጥንታዊ ገዳማትና አድባራት የሚገኙበት፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲታረስ የኖረ አገር ነው። መሬት ለዚህ ሕዝብ የህልውና ጥያቄ መሆኑን የቢቸናና የሞጣ ገበሬ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ያደረገው አመፅ ይመሰክራል። መሬቴ ይለካብኛል፣ ርስቴ ይነካብኛል የሚለው ስጋት ከአመፁ መንስኤዎች አንዱ ነበር። ከዚያም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የመሬት ሽግሽግ ተካሄደ። ሕዝቡ እየበዛ፣ የነፍስ ወከፍ ይዞታውም እየጠበበ ሲሄድ በማሳ ድንበርና በገደል አፋፍ የነበረው ቁጥቋጦ ተመነጠረ፤ የወል መሬቱም ታረሰ። የደብሩ ደን ግን ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ስለገዘቱ፣ ሕዝቡም ግዝቱን ስላከበረ ቆየ።

ጣሊያኖች በ1930 ዓ.ም. ገደማ ከአውሮፕላን ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ከቅርብ ጊዜ ምስሎች ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የሚገኙ የቤተ ክርስቲያን ደኖች በስፋታቸው ብዙ እንዳልተለወጡ ጽፈዋል። የተለወጠው ውስጣቸውና ዙሪያቸው ነው። በብዙ ቦታ ባሕር ዛፍ ገብቷል። ባሕር ዛፍ ለቤት መሥሪያ፣ ለማገዶና ለገቢ ያለው ጥቅም አይካድም። ነገር ግን እንደ ሾላ፣ እንደ ዶቅማና እንደ ወይራ ለወፍ የሚሆን ሥጋማ ፍሬ አያፈራም።

ወፎቹ ምን ይሆናሉ?

ደን ሲበጣጠስ ወፍ በሦስት መንገድ ይጎዳል። አንደኛ፣ ቦታው ስለሚጠብ የሚያኖረው ጥንድ ጥቂት ይሆናል፤ ጥቂቶቹን ደግሞ አንድ ክፉ ዓመት ሊጨርሳቸው ይችላል። ሁለተኛ፣ ደኑ ሲያንስ ዳሩ ይበዛል። በዳር በኩል ነፋስ፣ ፀሐይና ከብት ስለሚገቡ ጥላና እርጥብ ቅጠል የሚወዱ ወፎች መጠጊያ ያጣሉ። ሦስተኛ፣ በደንና በደን መካከል ያለው ሜዳ ይሰፋል። ቁራና ርግብ ሜዳውን በቀላሉ ይሻገሩታል። ጉንጨ ነጩ ቱራኮ ግን፣ ሲበር ክንፉ ደም መስሎ የሚቀላው ወፍ፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየሮጠ ፍሬ የሚለቅም እንጂ ረጅም በረራ የሚሆንለት አይደለም። ግንደ ቆርቁርም ያረጀና የደረቀ ግንድ ካላገኘ ጎጆ መፈልፈል አይችልም።

በ1906 ዓ.ም. የፓናማ ቦይ ሲከፈት ወንዙ ተገድቦ ስለነበር ባሮ ኮሎራዶ የተባለ ደናማ ኮረብታ በውኃ ተከቦ ደሴት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ደኑ ቢጠበቅም በርካታ የወፍ ዝርያዎች ከደሴቱ ጠፍተዋል። የእኛም ደብሮች በእርሻ ባሕር መካከል ያሉ ደሴቶች ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳቱ ዘግይቶ የሚታይ መሆኑ ነው። በምዕራብ ኬንያ በካካሜጋ ደን የተደረገ ጥናት፣ የተቆራረጠ ደን ሊያጣቸው ከሚችላቸው የወፍ ዝርያዎች ግማሹን ለማጣት 50 ዓመት ያህል እንደሚወስድበት ገምቷል። ስሌቱን እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት ባይቻልም ትምህርቱ ግልጽ ነው። በ1989 ዓ.ም. የተመነጠረው ቁጥቋጦ ዕዳ ገና ተከፍሎ ላያልቅ ይችላል። ብድር የሚያውቅ የማኅበር አባል ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ልዩነቱ፣ ይህ ዕዳ የመክፈያ ቀኑ ሳይደርስ ሊቃለል የሚችል መሆኑ ነው።

ምን ሊደረግ ይችላል?

ከሞጣ ዓባይን ተሻግሮ በሚገኘው በደቡብ ጎንደር ዶክተር አለማየሁ ዋሴ በ1990ዎቹ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎች መዝግበዋል። ከብት የሚገባበት ደን ችግኝ እንደማይተካም አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ በአካባቢው አንዳንድ ደብሮች ምእመናኑ ከማሳቸው ድንጋይ ለቅመው የደኑን ዙሪያ በካብ አጥረዋል። በዚህም ማሳው ከድንጋይ ጸድቷል፤ ደኑም ከከብት ተጠብቋል።

ሁለተኛው ሥራ ደሴቶቹን ማገናኘት ነው። በማሳ ድንበር ላይ ዋንዛና ብሳና፣ በወንዝ ዳር ሾላና ዶቅማ መትከል፣ የተሸረሸረውን ቦረቦርም ከልሎ ማሳረፍ ለወፍ መሸጋገሪያ ይሆናል። በትግራይ ደጉዓ ተምቤን የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው ወፎች የወይራ ፍሬ በልተው ዘሩን በቁጥቋጦ ሥር ይጥላሉ፤ ችግኙም በቁጥቋጦው ከለላ ያድጋል። ወፍ ካለ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ደን ተካይ አለን ማለት ነው።

የደን ወፍን ከግሪሳ ጋር አንድ አድርጎ ማየትም ስህተት ነው። ግሪሳ በመንጋ ወርዶ እህል ይፈጃል፤ አብዛኞቹ የደን ወፎች ግን የሚመገቡት ፍሬና ነፍሳትን ነው።

አባቶቻችን ደኑን በግዝት አቆዩልን። ዛሬ ግዝቱ ብቻውን አይበቃም። በደብርና በደብር መካከል ያለው መሬት የካህናቱ ሳይሆን የእኛ የገበሬዎቹ ነውና። የማኅበራት አመራሮች፣ የወረዳ ግብርና ባለሙያዎችና የደብር አስተዳዳሪዎች በአንድነት ተቀምጠው የትኛው ድንበር፣ የትኛው ቦረቦር ይተከል ብለው ቢመክሩ ቀጣዩ የምሥረታ በዓል መጽሔት የሚዘግበው ጥሩ ታሪክ ይኖረዋል።