«የእኛ አይደለም» የተባለው ሠዓሊ

ቱቱ ፈላ የሄደ ሰው ድንጋዮቹን አይረሳቸውም። በአንዳንዶቹ ላይ የሰው ፊት ተቀርጿል፤ ፊት ሲባል ግን ጥቂት መስመር ነው፣ ቀራጩ ሌላውን ሁሉ ትቶታል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ትክል ድንጋዮቹም አብረው ገብተዋል። «ይህማ ሰው አይመስልም፤ ከውጭ የመጣ ነው» ሲል የሰማሁት ሰው የለም።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ ግን ይህን ተብሏል።

እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሊቅና የብራና ሠዓሊ ነበሩ። በዚያ ወግ ሥዕል ታሪክ ይተርካል። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሎ በተርታ ሲሣል ያየ ያውቀዋል፤ ዛሬ ልጆች «ኮሚክ» ከሚሉት ብዙም አይርቅም። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጀመረውን ትምህርት ትቶ ጀርመን፣ ኮሎኝ ሄዶ ሥዕል ተማረ። ሲመለስ ብዙዎቹ ሥዕሎቹ ታሪክ አይተርኩም ነበር። ቀለም፣ ቅርጽና መስመር ብቻ! «የፈረንጅ ነው፤ ኢትዮጵያዊነት የለውም» ተባለ።

ከእነዚያ ዓመታት ሥራዎቹ አንዱ «ጎልጎታ» ነው፤ 1963 እ.ኤ.አ.። በአባቶች የስቅለት ሥዕል ማርያምና ዮሐንስ ከመስቀሉ ግራና ቀኝ ይቆማሉ፤ ማን ማን እንደሆነ በቀላሉ ይለያል። «ጎልጎታ» ላይ ግን የሚናገረው ደም የመሰለው ቀይ ቀለም ነው። ስለ መስቀሉ በየሳምንቱ የምንዘምር ልጆች ፊቱ ቆመን ብንቆይ የምንደነግጥ ይመስለኛል።

ክሱ በእኛ ቤትም የታወቀ ነው። ወንጌልን ከተቀበሉ አያቶቻችን መካከል «መጤ» ያልተባለ ማን አለ? እውነቱን እንናገር፤ ኮሎኝም ውጭ ነው፣ ሚስዮናውያኑም የመጡት ከውጭ ነው። ጊታራችንስ? ከየት እንደመጣ መጠየቅ ነውር የለውም። ሰውዬው ያመጣውን ይዞ ምን እንደሠራ ሳያዩ መፍረድ ግን ስንፍና ነው።

እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ። እኔ ግን መምህርነቱ ይበልጥብኛል። አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። እዚያ ከተማሩት አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነው። ዘሪሁን የመምህሩን ሥዕል አልገለበጠም፤ ወደ ጥንቱ የክታብ ሥዕል ተመልሶ በቀርከሃ ላይ የራሱን መንገድ አገኘ። ተማሪው እርሱን እንዲመስል የማያስገድድ መምህር በየትም ብርቅ ነው።

በደርግ ዘመን ገብረ ክርስቶስ አገሩን ጥሎ ወጣ። በ1981 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ ኦክላሆማ አረፈ። ጀርመን የቆዩ ሥዕሎቹ ተመልሰው፣ በስሙ የተጠራው ማዕከል ሲድስት ኪሎ አካባቢ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር አለ። ከመካከላችን ለትምህርት ወደዚያ የሚመደቡ ይኖራሉ፤ አንድ ከሰዓት ስጡት።