የዉልዎርዝ ሕንፃ ዜና መዋዕል

በ1871 ዓመተ ምሕረት ፍራንክ ዉልዎርዝ የሚባል የገበሬ ልጅ ዩቲካ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ዕቃው ሁሉ 5 ሳንቲም የሆነ ሱቅ ከፈተ፤ አልቀናውምም። በዚያው ዓመት ወደ ላንካስተር ሄዶ ሌላ ቢከፍት ገበያው ደራለት። የ10 ሳንቲም ዕቃም ጨመረ፤ ሱቆቹም በአገሩ ሁሉ በዙ።

ባለጠግነቱም በጸና ጊዜ፣ በ1903 ዓመተ ምሕረት፣ በኒውዮርክ በብሮድዌይ ጎዳና፣ ከማዘጋጃ ቤቱ መናፈሻ ማዶ፣ የቢሮ ሕንፃ ያሠራ ጀመር። ንድፉን ካስ ጊልበርት ነደፈ፤ የብረቱን ስሌት ጉንቫልድ ኦስ ያዘ። ዉልዎርዝ ግን የታሰበው ቁመት አልበቃውም፤ የሜትሮፖሊታን ላይፍ ግንብ 213 ሜትር ነውና ከዚያ ይብለጥ አለ። ስለዚህም 241 ሜትር ሆነ። መሠረቱ የሚያርፍበት ዓለት ከውኃ አዘል አፈር በታች ርቆ ስለ ነበር፣ ሠራተኞች የታመቀ አየር በተሞላበት ክፍል ውስጥ ሆነው እየቆፈሩ ወረዱ። ወጪውም 13 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ደረሰ።

ሚያዝያ 16 ቀን 1905 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በዕለተ ሐሙስ፣ ፈረንጆች 1913 በሚሉት ዓመት፣ ፕሬዚዳንት ዊልሰን በዋሽንግተን ሆኖ ቁልፍ ቢጫን በኒውዮርክ በሚመረቀው ሕንፃ 80,000 አምፖል በራ። በ27ኛውም ፎቅ ለጊልበርት ክብር ታላቅ ግብር ተደረገ።

በመግቢያው አዳራሽ፣ በወርቅማ ሞዛይክ ከተሸለመው ጣሪያ ሥር፣ ትንንሽ ቅርጾች አሉ። ዉልዎርዝ ጎብጦ ሳንቲሙን ይቈጥራል፤ ጊልበርት መነጽሩን አድርጎ የሕንፃውን አምሳል ታቅፏል፤ ኦስ የብረት ምሰሶ ይለካል። የዜና መዋዕል ጸሐፊዎች የንጉሡን ስም አግንነን የግንበኛውን መርሳት ልማዳችን ነውና፣ ባለቤቱ ከነሠሪዎቹ ባንድ አዳራሽ መቀረጹን እጅግ አከብራለሁ። ከምድር በታች የቆፈሩት ግን በስም የሚታወቅ ምስል የላቸውም፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ጽሕፈቴ ጎደሎ በሆነ ነበር።

ዉልዎርዝ መጋቢት 30 ቀን 1911 ዐረፈ። ሕንፃው እስከ 1922 ድረስ በዓለም ካሉት ሕንፃዎች ሁሉ ረጅሙ ነበር። በ1989 የዉልዎርዝ ኩባንያ በአሜሪካ የነበሩትን እነዚያን ርካሽ ሱቆች ዘጋ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሕንፃውን ሸጠ። በ1994 በእንቁጣጣሽ ዕለት በአቅራቢያው የነበሩት መንትያ ግንቦች ሲወድቁ እርሱ ቆመ፤ መብራትና ስልክ ግን ለሳምንታት ተቋረጠበት። በ2004 የላይኞቹ 30 ፎቆች መኖሪያ ቤት እንዲሆኑ ተሸጡ፤ የታችኞቹ ቢሮ እንደ ሆኑ ቀሩ።