ድር፣ ሥርዓት፣ መጽሐፍ፦ «ጂንግ» የተሰኘው የቻይንኛ ቃል የፍች ታሪክ

በጥንታዊው የቻይንኛ የጽሑፍ ቋንቋ ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅም ሆነ ለተርጓሚ ከሚያስቸግሩት ቃላት አንዱ «ጂንግ» ነው። ይህ ቃል እንደ አገባቡ ድር፣ ቋሚ ሥርዓት፣ ክቡር መጽሐፍ፣ ማስተዳደር፣ በአንድ ነገር ውስጥ ማለፍ፣ ኬንትሮስ፣ የወር አበባም ይሆናል። እዚህ የምንመረምረው «መጽሐፍ» የሚለው ፍች ከየት እንደ መነጨና ይህም ለትርጉም ሥራ ያለውን ፋይዳ ነው።

የቃሉ ፊደል የሐር ፈትልን ምልክት ይዟል። ሹ ሸን እ.ኤ.አ. በ100 ባጠናቀቀው «ሹዎወን ጂየዚ» በተባለው መዝገብ ቃሉን የፈታው ከሽመና ጋር አያይዞ ነው። የጂንግ ተጣማጅ «ዌይ» ሲሆን ፍቹ ማግ ነው። ጥምረቱ በጂኦግራፊ ቃላትም ኬንትሮስና ኬክሮስ ሆኖ ይገኛል።

ከዚህ ሥር ወደ መጽሐፍ የተደረሰበትን መንገድ ሊቃውንት በሁለት ይከፍሉታል። ድዋን ዩጻይ (1735–1815) እንደሚለው ድር አስቀድሞ ካልተወጠረ ማግ አይገባም፤ ስለዚህ የማይለወጠው የዓለም ሥርዓትና ይህን የሚያስተምሩት መጻሕፍት ጂንግ ተባሉ። በዚህ አተረጓጎም ሥልጣን ከቃሉ ሥር ይመነጫል። የሃን ንጉሠ ነገሥት ዉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ136 ለአምስቱ የኮንፊሽየስ ትምህርት መጻሕፍት የመንግሥት መምህራንን በመሾሙ፣ ይህ ክብር በአዋጅም ጸንቷል።

ጃንግ ቢንግሊን (1869–1936) ግን ጂንግ መጽሐፍ የተባለው የቀርከሃ ሰሌዳዎች በፈትል ተሰፍተው ይያያዙ ስለ ነበር ነው ይላል። በዚህ አስተሳሰብ ቃሉ የመጽሐፉን አሠራር እንጂ ክብሩን አያመለክትም። ለዚህ ሐሳብ ድጋፍ የሚሆነው በ«ሞዚ» መጽሐፍ ውስጥ ጂንግ የተባሉት ምዕራፎች አጫጭር ብያኔዎችን የያዙ መሆናቸው ነው። ቡድሂስቶች «ሱትራ» የሚለውን የሳንስክሪት ቃል በጂንግ ሲተረጉሙም ፈትልን በፈትል ተክተዋል፤ ሱትራ ማለት ፈትል ነውና። ሉ ዩ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ሻይ የጻፈውም መጽሐፍ «ጂንግ» ተብሏል። ክርስቲያኖች ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስን «ሸንግጂንግ» ሲሉት «ቅዱስ» የሚለውን ቅጽል ጨምረዋል።

በሁለቱ ሐሳቦች መካከል መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ሆኖም ተርጓሚው የኮንፊሽየስን ትምህርት መጻሕፍት «ቅዱሳት መጻሕፍት» ቢላቸው፣ የአማርኛ አንባቢ በመለኮታዊ ራእይ የተሰጡ አድርጎ ይረዳቸዋል። በውስጣቸው ያሉት ግን ቅኔ፣ የነገሥታት ሰነድ፣ የሟርት መጽሐፍ፣ ሥርዓተ ክብርና ዜና መዋዕል ናቸው። ስለዚህ «ዐበይት መጻሕፍት» ማለትን እንመርጣለን። የቡድሂስቶቹን «ሱትራ»፣ የሞዚን «ብያኔ» ማለት ይበቃል።

ጥንቃቄ የሚሻ ሌላ ምሳሌ «ጂንግጂ» ነው። ጥንት ዓለምን ማስተዳደርንና ሕዝብን መታደግን ያመለክት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጃፓኖች ለ«ኢኮኖሚ» አቻ አድርገው ተጠቀሙበት፤ ቃሉም በአዲሱ ፍች ወደ ቻይና ተመለሰ። እንግዲህ ጥንታዊ ጽሑፍ ላይ ጂንግጂን «ኢኮኖሚ» ብሎ መተርጎም የኋለኛውን ፍች በፊተኛው ዘመን ላይ መጫን ነው።

ስለዚህ መዝገበ ቃላት ስለ ጂንግ ሲጽፍ ድርን አስቀድሞ፣ እያንዳንዱን ፍች ከዘመኑና ከጽሑፉ ዐይነት ጋር ሊያሰፍር ይገባል።