አውሬዎቹ መድረክ ላይ ሲወጡ

በጂቡቲ ከተማ በፈረንሳይኛ የሚማር ልጅ በለጋ ዕድሜው በቃሉ ከሚያጠናቸው ግጥሞች መካከል የላ ፎንቴን ተረቶች ይገኙበታል። ተኩላው ወንዝ ዳር ያገኘውን የበግ ግልገል ይወነጅላል። ግልገሉ ለእያንዳንዱ ክስ መልስ አለው፤ ሆኖም የመልሱ እውነተኛነት ከመበላት አያድነውም። ልጁ ተረቱን ሳይሳሳት ሲጨርስ ወላጆቹ ያጨበጭቡለታል። ተኩላው ተኩላ፣ በጉም በግ ነውና በተረቱ የሚከፋ ሰው የለም።

የዚሁ ደራሲ ተረቶች የአማርኛ ልብስ ለብሰው አዲስ አበባ ውስጥ መድረክ ላይ የወጡ ጊዜ ግን ነገሩ እንዲህ በጭብጨባ አልተፈጸመም። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር የተጀመረው በዚያ ትርኢት ነው፤ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል የተዘጋውም በዚያው ትርኢት ምክንያት ነው። አንባቢ በየቤቱ ሲስቅበት የኖረ ስላቅ ተመልካች ፊት ሲቆም ስለ ምን ጠብ ያስነሣል? የ«ፋቡላ» ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ከፊል መልስ ይሰጣል።

ከገጽ ወደ መድረክ

ላ ፎንቴን የመጀመሪያዎቹን የተረት መጻሕፍት ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1668 ሲሆን፣ መታሰቢያ ያደረጋቸውም ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ ልጅ ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ ባወጣው ክፍል ደግሞ ወረርሽኝ የመታቸው አውሬዎች ሸንጎ ተቀምጠው የመዓቱን ምክንያት ሲፈልጉ እናያለን። አንበሳው በጎችን፣ አልፎ ተርፎም እረኛውን መብላቱን ይናዘዛል፤ ቀበሮ ተነሥታ ጥፋቱን ወደ ክብር ትለውጥለታለች። በመጨረሻ የሚፈረድበት ከገዳም መስክ ጥቂት ሣር የነጨው አህያ ነው። ይህን ያነበበ የቬርሳይ ባለሟል የማን ሸንጎ እንደሆነ ሳይገባው አልቀረም። ይሁንና መጽሐፉ ታትሞ ተሸጠ፤ ተነበበም።

በዚያው ዘመን የሞሊየር «ታርቱፍ» እ.ኤ.አ. በ1664 ቬርሳይ ውስጥ ታይቶ፣ ለሕዝብ እንዳይቀርብ ተከለከለ። ያለ ገደብ እንዲታይ የተፈቀደው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1669 ነው። ሞሊየር የነካው የሃይማኖት አስመሳዮችን ስለነበር የሁለቱ ሥራዎች ርእሰ ጉዳይ አንድ አይደለም። ቢሆንም የመጽሐፍና የመድረክ ልዩነት ከዚህ በላይ ጎልቶ አይታይም። አንባቢ ለብቻው ይስቃል፤ ሲስቅ የሚያየው የለም። ተመልካች ግን ከጎኑ ሰው አለ። የሳቀውም፣ ያልሳቀውም፣ ሳቁን የዋጠውም ይታያል። መድረክ የሚያጋልጠው ተዋናዩን ብቻ ሳይሆን ተመልካቹንም ጭምር ነው።

አማርኛ ይህን ልዩነት ከጥንት ያውቀዋል። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» የሚለው ተረት ምሳሌን የሚያወድሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምሳሌ ለተናጋሪው መሸሻ፣ ለሰሚውም ክብሩን መጠበቂያ ነው። ሰምና ወርቅም ሥራው ይኸው ነው። የተነካው ሰው ሰሙን ብቻ የሰማ መስሎ ማለፍ ይችላል። ሰሙ ሥጋ ለብሶ በእግሩ ሲቆም ግን እንዳልሰሙ ሆኖ ማለፍ ይቸግራል።

የደራሲው ሁለት መንገዶች

የ«ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ደራሲ በኋላ በጅሮንድ የተባሉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በልጅነታቸው በሐረር በራስ መኰንን ቤት ያደጉት ተክለ ሐዋርያት፣ ከዐድዋ ድል በኋላ ገና ታዳጊ ሳሉ ወደ ሩሲያ ተወስደው ሴንት ፒተርስበርግ በመድፈኛ ትምህርት ቤት ተማሩ። ቀጥሎም በፈረንሳይና በእንግሊዝ የእርሻ ትምህርት ተከታተሉ። በኋላ ዘመን የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ የገንዘብ ሚኒስትር የሆኑት፣ በጄኔቭም በመንግሥታት ማኅበር ፊት ለአገራቸው የቆሙት እኚሁ ሰው ናቸው።

የቴአትሩን ርእስ ልብ ብሎ ያየ ሰው ጸሐፊው የመጡበትን መንገድ ያገኝበታል። ተረቶቹ ከፈረንሳይ የመጡ ቢሆኑም «ኮሜዲያ» የሚለው አነጋገር ከፈረንሳይኛው «ኮሜዲ» ይልቅ ለሩሲያኛው ይቀርባል። በሩሲያም የላ ፎንቴንን ተረቶች እየተረጎመ የጀመረው፣ ኋላም የራሱን እየፈጠረ ባለሥልጣናቱን በአውሬ ስም የተቸው ኢቫን ክሪሎፍ ነበር። የክሪሎፍ ተረቶች ለሩሲያ ተማሪ የዘወትር ምግቡ ነበሩ። ስለዚህ የፈረንሳይን ተረት ወስዶ የራስን አገር ሹም መውቀስ በተክለ ሐዋርያት ዘንድ እንግዳ ሐሳብ ሊሆን አይችልም።

ዘመኑም ለፈረንሳይኛ የተመቸ ነበር። ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ከማርሴይ በመርከብ ጂቡቲ የወረደ ዕቃ ሁሉ፣ ጨርቁም፣ መሣሪያውም፣ ጋዜጣውም፣ መጽሐፉም በዚሁ ሐዲድ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተማረው ወጣት ፈረንሳይኛን ያነባል። ላ ፎንቴን አዲስ አበባ ሲደርስ የሚያውቁት ሰዎች ቀድመው ነበሩ።

አንበሳ ማኅተም በሆነበት አገር

ትርኢቱ የታየበትን ዓመት ጸሐፊዎች በየፊናቸው የሚያስቀምጡት ቢሆንም፣ ብዙዎች የሚስማሙት በ1913 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1921) ላይ ነው። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ ቴአትር ይባል የነበረው ዘፈንና ጭፈራ እንደነበረና፣ ተክለ ሐዋርያትም እውነተኛው ቴአትር ምን እንደሆነ ለማሳየት እንደተነሡ ይነገራል። በሆቴል አዳራሽ፣ በመኳንንትና በውጭ አገር እንግዶች ፊት የቀረበው ሥራ የዋዛ ጨዋታ አልነበረም። በአውሬዎቹ ንግግር ውስጥ የቤተ መንግሥቱ ሙስና፣ የአስተዳደሩም ኋላ ቀርነት ተነክቶ ነበር።

ወቅቱን ማስታወስ ያስፈልጋል። የሰገሌ ጦርነት ካለፈ ገና አምስት ዓመት አልሞላውም። ንግሥት ዘውዲቱ ዙፋኑን፣ ራስ ተፈሪ ደግሞ አልጋ ወራሽነቱን ይዘው ሥልጣን ለሁለት ተከፍሏል። በ1910 ዓ.ም. መሐል ሰፋሪዎች ተነሥተው ሚኒስትሮቹ እንዲሻሩ ጠይቀው፣ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቀር ሁሉም ተሽረዋል። ልጅ ኢያሱ የተያዙትም በዚያው በ1913 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ የሹማምንትን ጥፋት በአደባባይ ማንሣት፣ ያልሻረ ቁስልን መነካካት ነበር።

ሌላም ነገር አለ። በፈረንሳይ አንበሳ የተረት ንጉሥ ነው፤ የፈረንሳይ ነገሥታት ምልክት አበባ እንጂ አንበሳ አልነበረም። በኢትዮጵያ ግን «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የዙፋኑ መጠሪያና ማኅተም ነው። የአውሬ መንግሥትን ታሪክ በዚህ አገር የሚተርክ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ የተመልካቹን ዐይን ወደ ማኅተሙ ይመራዋል። ተርጓሚ ቃሉን ሳይለውጥ ትርጉሙ በራሱ ጊዜ የሚለወጥበት አጋጣሚ አለ፤ ይህ አንዱ ነው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር የአውሬዎቹ ኮሜዲያ ክስ ሆኖ ተሰማ።

ውሳኔው አልዘገየም። ንግሥቲቱ ቴአትሩን ከለከሉ። ክልከላውም በአንድ ሥራ ላይ አላበቃም፤ ቴአትር የሚባል ነገር ሁሉ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን፣ እስከ ጥቅምት 1923 ዓ.ም. ድረስ ከአደባባይ ጠፋ።

የተመልካቹ አሳብ እንዴት ነበር? የቤተ መንግሥቱን እናውቃለን፤ ትእዛዝ ሆኖ ወጥቷልና። ተክለ ሐዋርያትም ቴአትር ሰውን ማስተማሪያ ነው የሚል እምነት እንደነበራቸው ሥራቸው ራሱ ይመሰክራል። ከዚያ ወዲህ የመጡ ተመራማሪዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ ሥራው ምክር የበዛበት፣ ድርጊት ያነሰው፣ ከተውኔት ይልቅ ለተረት የቀረበ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የጎደለው ቢጎድለውም ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ በመድረክ ሥልጣንን የሞገተበት የመጀመሪያ ሥራ መሆኑ ይበልጣል ይላሉ። ሁለቱም ተገቢ ክርክር ነው። በዚያ ምሽት ከአዳራሹ ወጥተው በየበቅሏቸው ወደ ቤታቸው የሄዱት ተመልካቾች ሊከራከሩት ይገባ የነበረው ክርክር ግን ከትእዛዙ በኋላ ድምፁ አልተሰማም። ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው።

በሲኒማም እንዲሁ

መድረኩ በሲኒማ ሸራ ሲተካም ጠባዩ አልተለወጠም። የእንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌል የእንስሳት ልቦለድ እ.ኤ.አ. በ1945 ታተመ። መጽሐፉ የሚያበቃው አሳማዎቹ ከሰው የማይለዩበት ደረጃ ላይ ሲደርሱ ነው፤ ለተጨቆኑት እንስሳት ምንም ተስፋ አይተውም። በ1954 በካርቱን ፊልም ሲሠራ ግን እንስሳቱ እንደገና ተነሥተው አሳማውን ገዥ ሲገለብጡ ይታያል። የፊልሙ ገንዘብ ከአሜሪካ የስለላ ድርጅት እንደመጣ የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ካርቱን ለሕፃን ነው ብሎ የገባው ተመልካች መራርነቱ አስደነገጠው፤ መጽሐፉን የሚያውቀው ደግሞ በፍጻሜው መለወጥ ተቆጣ፤ በሥዕሉ ጥራት የተደነቀውም ብዙ ነው። «ፋቡላ» በትእዛዝ ሲዘጋ ይህኛው በገንዘብ ተለዘበ። ስላቅን ዝም ማሰኛ መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም።

ወደ አፍሪካ ስንመለስ ሴኔጋላዊው ዑስማን ሴምቤን አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 በፈረንሳይኛ ያሳተመውን «ሃላ» የተባለ ልቦለድ ከሁለት ዓመት በኋላ ራሱ ፊልም አደረገው። ሦስተኛ ሚስት ባገባበት ሌሊት ወንድነቱ የከዳው ባለጸጋ ነጋዴ ታሪክ ነው። በፊልሙ መግቢያ አዲሶቹ አፍሪካውያን ሹሞች ፈረንሳዮቹን ከንግድ ምክር ቤቱ ያስወጣሉ፤ ፈረንሳዮቹም በገንዘብ የተሞላ ቦርሳ ይዘው ይመለሳሉ። የአገሪቱ ሳንሱር ፊልሙን በዐሥር ያህል ቦታ ቆረጠው። ሴምቤን የተቆረጡትን ትዕይንቶች የሚገልጽ ወረቀት ለተመልካች አደለ። ልቦለዱን ያልነካ መቀስ ፊልሙን የነካው፣ ፈረንሳይኛ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ በወሎፍኛ ሰምቶ ስለሚስቅ ነበር።

ከክልከላው በኋላ

በ1923 ዓ.ም. መድረኩ እንደገና ሲከፈት እነ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ብቅ አሉ። ቅኔያቸው የበሰለ፣ ዝግጅታቸውም ያማረ ቢሆንም መንፈሱ ግን በአመዛኙ የግብረ ገብ፣ የአገር ፍቅርና የውዳሴ ነበር። ባለሥልጣንን በሳቅ መንካት የሚያስከፍለው ዋጋ ታውቋልና። ፈረንሳዊው ስላቅ ወደ አማርኛ መድረክ ዳግመኛ በጉልህ የገባው ቆይቶ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሞሊየርን ሥራዎች፣ «ታርቱፍ»ን ጭምር፣ ወደ አማርኛ በመለሰ ጊዜ ነው። በቬርሳይ አምስት ዓመት ታግዶ የነበረው ተውኔት፣ «ፋቡላ» ዘጠኝ ዓመት ባዘጋው መድረክ ላይ ቆመ።

ተክለ ሐዋርያት ራሳቸው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ብዙ ዓመታት በስደት፣ በማዳጋስካር ኖረው ተመልሰዋል። «ፋቡላ»ም በክልከላው አልጠፋም፤ ጽሑፉ ተርፎ ለተመራማሪዎች ደርሷል። የጠፋው የተመልካቹ ቃል ነው። አንድ ሥራ ተመልካቹን ለሁለት ሲከፍል፣ አንዱ «አጉል ነው» ሌላው «ልክ ነው» ሲል፣ ሥራው በሕይወት አለ ማለት ነው። ከተመልካቾቹ አንዱ መብራቱን የማጥፋት ሥልጣን ሲኖረው ግን ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት ያበቃል፤ ከብዙ አስተያየት መካከልም ለታሪክ የሚተርፈው የአንዱ ብቻ ይሆናል።