የገበያው በርና የከተማይቱ ቁልፍ

ከፈረስ መጋላ ተነሥቶ፣ የልብስ ሰፊዎች መኪና ድምፅ ስም ባወጣለት በመኪና ግርግር ቁልቁል የወረደ ሰው ጊደር መጋላ ይደርሳል። አማርኛ ተናጋሪው ስሙን በሰማ ጊዜ ያልወለደች ላም ትታየው ይሆናል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። በሐረሪ ቋንቋ «ጊደር» ትልቅ፣ «መጋላ» ገበያ ማለት ስለሆነ፣ ቦታው በጀጎል ውስጥ ትልቁ ገበያ መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል። የገጠሩ ገበሬና የከተማው ነጋዴ ሲገናኙበት የኖረ፣ የግንቡ ውስጥ ሕይወት የተመሠረተበት ቦታ ነው።

መንግሥት መኖሩና አለመኖሩ ቀድሞ የሚታወቀው በገበያ ነው። ነጋዴው ዐዋጅ ሳይጠብቅ ሱቁን ይዘጋል፤ ዐዋጅ ቢነገረውም ልቡ ካላመነ አይከፍትም። ስለሆነም ጦር ወደ አንድ ከተማ በገባ ጊዜ «ከተማይቱን ማን ያዘ?» ከሚለው ጥያቄ እኩል የሚነሣው «የነጋዴውን በር ማን ይጠብቃል?» የሚለው ነው። ከ1868 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት 65 ዓመታት ውስጥ አራት የተለያዩ ጦሮች በሐረር በሮች ገብተዋል። እያንዳንዳቸውም ለዚህ ጥያቄ የየራሳቸውን መልስ ሰጥተዋል።

ከዚያ በፊት መልሱ ቀላል ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር ያስገነቡት ግንብ አምስት በሮች ነበሩት፤ በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር የምንላቸው ናቸው። ሲመሽ በሮቹ ይዘጋሉ፤ ቁልፎቹም ወደ አሚሩ ይወሰዳሉ። ቁልፉን የተረከበ ሰው እስኪነጋ ድረስ በከተማይቱ ውስጥ ላለው ሰውና ንብረት ተጠያቂ ነው ማለት ነው። በመጽሐፍ ያልሰፈረ፣ ነገር ግን ሁሉ የሚያውቀው ሕግ ነበር።

በ1868 ዓ.ም. ራኡፍ ፓሻ የግብፅን ጦር መርቶ ሲገባ የቁልፉ ባለቤት ተለወጠ። አሚር መሐመድ ተገደሉ፤ ከተማይቱም የግብፅን ጦር ለዐሥር ዓመት ያህል ስትቀልብ ኖረች። ግብር ሰብሳቢው ጠመንጃ ያነገተ በሆነበት አገር በግብርና በዝርፊያ መካከል ያለው ድንበር ቀጭን ነው። ይሁን እንጂ ግብፆች በ1877 ዓ.ም. ለቀው ሲወጡ ከተማይቱ ያለ ጠባቂ አልቀረችም፤ ሥልጣኑን አሚር አብዱላሂ ተረከቡ፣ በእንግሊዝ መኰንን የሠለጠነ አነስተኛ ጦርም ቀረላቸው። የሚወጣ ጦርም እንደሚገባው ጦር ኃላፊነት እንዳለበት የሚያሳይ ምሳሌ በመሆኑ፣ ለግብፆች ይህን ያህል ምስጋና መንፈግ አይገባም።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1879 ዓ.ም. የገና ሰሞን፣ አሚር አብዱላሂ በጨለንቆ ድል ሆኑ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ወደ ሐረር ሲገቡ ከተማይቱ እንደ ጦር ሜዳ ምርኮ ለወታደሩ አልተለቀቀችም፤ ይህ መነገር አለበት። መነገር ያለበት ሌላም ነገር አለ። በዚያ ዘመን በሐረር ነጋዴ የነበረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ ሬምቦ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በካይሮ ለሚታተም ጋዜጣ በጻፈው ደብዳቤ፣ ወታደሩ ንብረት እየወረሰና ሕዝቡን እያስጨነቀ አገሩን እንዳራቆተው በምሬት ገልጿል። ግብፆች በፈረስ መጋላ የሠሩት መስጊድም የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቦታ ሆነ። ሬምቦ ከምኒልክ ጋር በጠመንጃ ንግድ ሒሳብ የተቀያየመ ሰው ስለነበር ቃሉን እንደ ወንጌል አንቀበለውም። ነገር ግን ምክንያቱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የዘመኑ ወታደር ደመወዝተኛ አልነበረም፤ ስንቁን ከባላገሩ ጎተራ፣ ሽልማቱን ከምርኮ የሚጠብቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ሠራዊት የንጉሥ ቃል ለአንድ ቀን ይገታው እንደሆነ ነው እንጂ ለአንድ ዓመት አይገታውም።

ጥፋቱ የፊውዳሉ ሥርዓት ብቻ ነበር የሚል ቢኖር ግን መቅደላን ያስታውስ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባዋን የያዘው የጄኔራል ናፒየር ጦር ደመወዝ የሚከፈለው፣ ስንቁን በመርከብ አስጭኖ የመጣ ጦር ነበር። ዳሩ ግን ከአፄ ቴዎድሮስ ግምጃ ቤትና ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የተዘረፈው መጽሐፍ፣ ጽዋና ዘውድ በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ ወረደ። ከዚያም በዳላንታ ሜዳ በአዛዡ ትእዛዝ ለጨረታ ቀረበ፤ የሽያጩም ገንዘብ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ሪቻርድ ሆምስ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ዝርፊያው መከልከሉ ቀርቶ ደረሰኝ ተቆረጠለት።

ከዚህ በኋላ ነው የአውሮፓ መንግሥታት በላሄይ ከተማ ተሰብስበው የጦርነትን ሕግ በጽሑፍ ያሰፈሩት፤ መጀመሪያ በ1899፣ ቀጥሎም በ1907 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። 28ኛውና 47ኛው አንቀጾች ዝርፊያን ይከለክላሉ። 43ኛው ከዚህ አልፎ ይሄዳል፤ ሥልጣን በእጁ የገባ ጦር የሕዝቡን ጸጥታና ደኅንነት ለመመለስና ለማስከበር በአቅሙ ያለውን ሁሉ እንዲያደርግ ያዛል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የመጀመሪያው ወታደሩን «አትዝረፍ» ይላል፤ የኋለኛው አዛዡን «አታዘርፍ» ይላል። ነገር ግን አንድ አንቀጽ ወደ ኋላ ተመልሶ 42ኛውን ላነበበ ሰው ክፍተቱ ይታየዋል። አንድ አገር ተያዘ የሚባለው በእርግጥ በጠላት ጦር ሥልጣን ሥር ሲወድቅ ነው ይላል። እንግዲያውስ የቀድሞው ባለሥልጣን ከሸሸበት ሰዓት አንሥቶ አዲሱ እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ የማን ነው?

የዚህን ጊዜ ዋጋ አዲስ አበባ ከፍላዋለች። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወጡ፤ የባዶሊዮ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን ገባ። በመካከሉ ባሉት ቀናት ቤተ መንግሥቱና ሱቆቹ ተዘረፉ፣ ከከተማይቱ ብዙው ክፍል ተቃጠለ፣ የውጭ አገር ሰዎችም በየሌጋሲዮኑ ተጠለሉ። ፋሺስቶች ይህን ሁከት «ሥልጣኔን ይዘን የመጣነው ለዚህ ነው» ለማለት ተጠቀሙበት። ይኸው ሥልጣኔ ግን ዓመት ሳይሞላው፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ጥቁር ሸሚዞቹን ለሦስት ቀን በሕዝቡ ላይ ለቀቃቸው፤ ገደሉ፣ ቤት አቃጠሉ፣ ከሟቹ ኪስና ከቤቱ ያገኙትን ወሰዱ። በሚያዝያ የዘረፈው ጌታ ያጣ ሕዝብና የተሸነፈ ወታደር ነበር፤ በየካቲት የዘረፈው ጸጥታ እንዲያስከብር ሕግ የሚያዘው ራሱ ነበር። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ተገቢ አይመስለኝም።

ሐረርም ከዚያ ቀደም ብሎ የራስዋን ደርሳ ነበር። ያልተመሸገች ከተማ መሆንዋ ተነግሮላት ሳለ መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በአውሮፕላን ተደበደበች፤ የግራዚያኒ ጦርም ሚያዝያ 30 ቀን ገባባት።

አምስት ዓመት ቆይቶ ሚናው ተገለበጠ። በጄኔራል ካኒንግሃም የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከሞቃዲሾ ተነሥቶ መጋቢት 8 ቀን 1933 ዓ.ም. ጅጅጋን ያዘ። የናይጄሪያ ብርጌድ የማርዳን በር፣ ማለትም ስሙ በ1970 ዓ.ም. ድል በእያንዳንዳችን ጆሮ የቀረውን የካራማራን መተላለፊያ፣ ሰብሮ በባቢሌና በቢሲዲሞ አድርጎ መጋቢት 17 ቀን ሐረር ገባ። ኢጣሊያኖች ወደ ድሬዳዋ የሚወርደውን የዳገት መንገድ በፈንጂ እየቆረጡ ሸሹ። እዚህ ላይ ታሪክ የማይፈጥረው ፌዝ የለም። ጦሩና ባለሥልጣኑ ከድሬዳዋ ሲወጣ፣ ከኢጣሊያ ጦር የከዱ የቅኝ ግዛት ወታደሮች ከተማይቱን ማወክና መዝረፍ ጀመሩ። የቀሩት ኢጣሊያኖችም ሴቶቻቸውንና ልጆቻቸውን እንዲያድንላቸው ጠላታቸውን ፈጥኖ እንዲደርስ ለመኑት፤ ፈጥኖ የሚደርስበትን መንገድ ግን ወገኖቻቸው አፍርሰውታል። የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች መንገዱን እየጠገኑ ወርደው መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገቡ፤ ሐረር ከተደበደበች ልክ አምስት ዓመት በሞላበት ቀን መሆኑ ነው።

ከዚህ ትምህርት የወሰደው የእንግሊዝ አዛዥ ለአዲስ አበባ ቀድሞ አሰበ። ጄኔራል ዌቭል ለአኦስታው መስፍን ስለ ኢጣሊያን ሲቪሎች ደኅንነት መልእክት ላከ፤ የኢጣሊያ ፖሊሶችም አዲሱ ጦር እስኪረከባቸው ድረስ በየጥበቃ ቦታቸው ቆዩ። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የሆነው በመጋቢት 1933 ዓ.ም. አልተደገመም። ይህ የሚያሳየው ክፍተቱ የሰማይ ቁጣ አለመሆኑን ነው፤ አዛዡ ከፈለገ ከመግባቱ በፊት ሊደፍነው ይችላል። ግን ለማን ሲል ደፈነው? መልእክቱ የተላከው በአውሮፓውያን ሴቶችና ሕፃናት ስም ነው። የድሬዳዋና የአዲስ አበባ አገር ተወላጅ ነጋዴ ሱቅ ከጥበቃው ቢጠቀምም የተጠቀመው በጎረቤትነት ነው።

የሚጠበቀውን የመምረጥ ነገር ደግሞ ከእንግሊዝ ጋር አላበቃም። በሚያዝያ 1995 ዓ.ም. የአሜሪካ ጦር ባግዳድን ሲይዝ የነዳጅ ሚኒስቴር ሕንፃ ጠባቂ ቆመለት፤ የኢራቅ ብሔራዊ ሙዚየም ግን ወታደሮቹ በከተማይቱ ውስጥ እያሉ ተዘርፎ 15,000 ያህል ዕቃዎች ጠፉበት። የ42ኛው አንቀጽ ክፍተት ለዚያ ጦር ምክንያት ሊሆነው አይችልም፤ ታንኩ ከተማ ውስጥ ነበር።

እንግሊዞች ወደ አገራችን ከገቡም በኋላ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። የላሄዩ ሕግ በ53ኛው አንቀጽ ለጦርነት የሚያገለግል የጠላት መንግሥት ተንቀሳቃሽ ንብረት እንዲያዝ ይፈቅዳል። በዚህ መሠረት መኪናው፣ የጦር መሣሪያው፣ የፋብሪካ መሣሪያም ሳይቀር «የኢጣሊያ ንብረት» እየተባለ ከኢትዮጵያ ወጣ። ነገር ግን በኢትዮጵያ መሬት ላይ፣ በኢትዮጵያውያን ጉልበት የተሠራ ንብረት ምን ያህሉ የኢጣሊያ ነው? በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ውል ሲፈረም ከንብረቱ ብዙው ድንበር ተሻግሮ ነበር። ዘራፊው በሌሊት ይመጣል እንላለን እንጂ በጠራራ ፀሐይ ዝርዝር ይዞ የሚመጣም አለ።

ኢጣሊያ ራስዋ በ1947 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የፓሪስ የሰላም ውል 37ኛ አንቀጽ፣ ከጥቅምት 3 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን የጥበብ ሥራ፣ የሃይማኖት ዕቃ፣ የመዝገብ ሰነድና የታሪክ ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ግዴታ ገባች። የአክሱም ሐውልት የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን የተመለሰችው በ2016 ዓ.ም. ነው። አሥራ ስምንቱ ወር እንዴት እንደተቆጠረ ውሉን የፈረሙት ይመልሱ። ከዚህም በላይ፣ ሐውልትን ያህል ነገር ሲወሰድ ዓለም ያያል፤ በየሐረሪ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ጌጠኛ ስፌት፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ቁርዓን፣ የሴቶች የብርና የወርቅ ጌጥ ግን አንዱ ወታደር ወይም አንዱ ሽፍታ በብብቱ ይዞት ቢወጣ የሚመሰክረው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ዛሬ በጀጎል ውስጥ፣ የተፈሪ መኰንን ቤት በሚባለው አሮጌ ሕንፃ፣ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ከግለሰቦች እጅ አንድ በአንድ ያሰባሰቡት ሙዚየም አለ። የእጅ ጽሑፉ፣ ጎራዴው፣ ሳንቲሙና ጌጡ ከየቤቱ የወጣው በጨረታ ሜዳ ወይም በተሰበረ በር አይደለም፤ ሰውየው ባለቤቶቹን እያነጋገሩ፣ ከፊሉን በስጦታ፣ ከፊሉንም በገንዘባቸው ነው የሰበሰቡት። የጠወለገውን ብራና የሚጠግኑትም እዚያው ነው። ከሙዚየሙ ወጥቶ ጥቂት ያቀና ሰው የመኪናዎቹን ድምፅ ይሰማል፤ ቁልቁል ከወረደም የጊደር መጋላ ሱቆች ክፍት ናቸው።