ኮሌስትሮል በሉኬሚያ ሕሙማን

ሉኬሚያ፣ በተለይ አጣዳፊው ዓይነት፣ በያዛቸው ሰዎች በሽታው በሚታወቅበት ጊዜ የደም ኮሌስትሮል ብዙውን ጊዜ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ቁጥሩ ደስ ቢያሰኝም የጤና ምልክት አይደለም። በፍጥነት የሚባዙት የካንሰር ሕዋሳት ሽፋናቸውን ለመሥራት ኮሌስትሮልን በደም ውስጥ የሚሸከመውን ኤልዲኤልን ከደም እየሳቡ ይወስዳሉ። የሚስቡበትን የኤልዲኤል ተቀባይ ያገኙት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ሕክምናው ሲሠምር የኮሌስትሮሉ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቦታው ይመለሳል።

መድኃኒቶቹም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ሥር ለሰደደ ማይሎይድ ሉኬሚያ የሚሰጠው ኒሎቲኒብ ኮሌስትሮልን ከፍ ያደርጋል፤ ለዚሁ በሽታ የሚሰጠው ኢማቲኒብ ግን ዝቅ ያደርጋል። ለአጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኬሚያ የሚሰጠው አስፓራጂኔዝ ከስቴሮይድ ጋር ሲሰጥ ደግሞ ትራይግሊሰራይድ የተባለው ሌላው የደም ስብ አንዳንዴ በዴሲሊትር ከ1,000 ሚሊግራም ያልፋል። ያን ጊዜ የተቀዳው ደም ሲረጋ ፈሳሹ ወተት ይመስላል፤ መድኃኒቱ ሲቆም ግን ትራይግሊሰራይዱ አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል።